ቡድኔ እንዲሸነፍ የጸለይኩ ሰሞን

በሕይወቴ አንድ ጊዜ የገዛ ቡድኔ እንዲሸነፍ ተንበርክኬ ጸልያለሁ። ጸሎቱ ሳይሰማ ቢቀር ባልከፋ። የባሰው ግን ቡድኔ ያሸነፈው በእኔ በከሃዲው ምክር መሆኑ ነው። ይህን ጉድ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። የማዘወትረው የሰፈራችን ፀጉር ቤት ሰዎችም አያውቁም። ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ እናንተ አታውቁኝማ።

አድማሱ እባላለሁ። ዕድሜዬን ለጠያቂው እንደሚመቸው አድርጌ ነው የምናገረው፤ ለሐኪም ሰባ አራት ነኝ፣ ለፀጉር ቤቱ ስልሳ ዘጠኝ። ሥራዬ ግሬደር መንዳት ነበር። ከደብረ ታቦር ተነስቼ በጋይንት በኩል፣ በአንበሳሜ በኩል፣ በይፋግ በኩል ያልገፋሁት አፈር የለም። ሰው ሁሉ እኔ በጠረግኩት መንገድ ወደ ቤቱ ሲገባ እኔ ከመንገድ ዳር በድንኳን አድር ነበር። ባለቤቴ ያልጋነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ቤትህ ግሬደሩ ነው፤ እዚህ በእንግድነት ነው የምትመጣው» ትለኝ ነበር። ጡረታ ወጥቼ እንግድነቱን ልተው ስል እሷ ሄደች። ሦስቱ ልጆቻችንም ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሐዋሳ ኑሯቸውን መሥርተዋል። እኔ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ቤት፣ አንድ ራዲዮና ብዙ ወሬ ይዤ ቀረሁ።

ከወሬዬ ሁሉ የማልጠግበው የኳስ ሜዳውን ነው። ልብ አድርጉ፤ እኔ አንድም ቀን ኳስ መትቼ አላውቅም። ኦፍሳይድ የሚባለውም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ዳኛው እጁን ሲያነሳ አብሬ አነሳለሁ። ግን የከተማችንን ኳስ ሜዳ የደለደልኩት እኔ ነኝ። በወጣትነቴ፣ ክረምት በወጣ ማግስት፣ አለቃዬ «ሁለት ቀን ሥራባትና ና» አለኝ፤ ሁለት ቀን ሠራሁባት። ከዚያ ወዲህ ዐርባ ዓመት አወራሁባት። «ሜዳው ወደ ወንዙ በኩል ያዘቀዝቃል፤ እኔ ነኝ የማውቀው» ስል ፀጉር ቤቱ ጸጥ ይላል። ሰው ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ ደስ ይለኛል። ሌላ የሚሰማኝ ስላልነበረ ነው መሰለኝ።

እርግጥ አንድ ሌላ ሰሚ ነበረኝ። በግ ነው።

የገዛሁት ለፋሲካ ነበር። ከጉና ግርጌ የመጣ ጠጉራም ሙክት ነው። ልጆቼ «ዘንድሮስ አንቀርም» ስላሉኝ ነበር የገዛሁት። የመንገዱ ነገር አልሆን አላቸውና ቀሩ። ለአንድ ሽማግሌ ሙሉ በግ ማረድ አሳፈረኝና ከልኳንዳ ግማሽ ኪሎ አስመዝኜ በዓሉን ዋልኩ። በጉን «ለእንቁጣጣሽ ይቆይ» አልኩ። ለእንቁጣጣሽም አልመጡም፤ «ለገና» አልኩ። ገና ሲያልፍ ስም አወጣሁለት፤ ጓዴ አልኩት። አንዴ ስም ካወጣሁለት በኋላ ደግሞ ቢላዋ አንስቼ ፊቱ እንዴት ልቁም?

የደብረ ታቦርን ብርድ ታውቁታላችሁ። ውጭ ያደረው የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ አልጋ ላይ፣ እሱ በሩ ጥግ ሆነን እናድር ጀመር። ማታ ራዲዮ ስንሰማ እሱ ያመሰኳል፤ ራዲዮው ሲዘጋ ይነሳና በግንባሩ ጉልበቴን ገፋ ያደርገኛል። «አንተ ቀጥል» የሚለኝ ይመስለኛል። እቀጥላለሁ። የግሬደሩን፣ የያልጋነሽን፣ የልጆቹን ሁሉ አወራለታለሁ። ይህን ግን ከቤት ውጭ ትንፍሽ አላልኩም። ከበግ ጋር የሚያወራ ሽማግሌ በከተማው ውስጥ ምን ስም እንደሚወጣለት አውቃለሁ፤ በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ስሙን የማወጣው እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። በአንድ ወገን የእኛ ወንዝ ዳር፣ በሌላው ወገን ከላይ ያለው አፋፍ ሰፈር ነበሩ። አፋፎች ዋንጫውን ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስደዋል፤ እኛ ሦስት ዓመት በተከታታይ ምክንያት ደርድረናል። ጨዋታው እሑድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጌታነህ ፀጉር ቤት አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ጌታነህ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይና የወንዝ ዳር ደጋፊዎች አለቃ ነው።

«ዘንድሮ የእኛ ነው!» አለ ማሽኑን ወደ ላይ አንስቶ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል። «አጥቂያችን ቅዳሜ ከአጨዳ ይመጣል፤ እሑድ ይገባል። የገጠር ጉልበት ነው!»

«ማጭዱን ይዞ እንዳይገባ ብቻ ንገሩት» አሉ መሪጌታ ፈንቴ።

መሪጌታ ፈንቴ አፋፍ ላይ ያለው የአብነት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ጥምጥማቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ ጭራቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ እንደ እኔው ያረጁ ሰው ናቸው። ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አቀበቱን ወርደው ከጠላት መንደር ይቀመጣሉ። ኳስን የሚተነትኑት መጻሕፍትን በሚተረጉሙበት መንገድ ስለሆነ ሊረታቸው የቻለ የለም።

«ይልቅስ ተርጉሙልን መሪጌታ» አለ ያ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ። «አምና ተከላካያችን ጎሉ አፍ ላይ ለምን ወደቀ?»

መሪጌታ ጭራቸውን ነሰነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደቀ አለ። ስለምን ወደቀ? አንድም ርቦት ነው። አንድም የአፋፍን አጥቂ አይቶ ጉልበቱ ከድቶት ነው። አንድም አያ አድማሱ ሜዳውን አጣመው ስለደለደሉት አዳልጦት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ስሜ ከተነሳ አይከፋኝም።

«ሜዳውን ይተዉት መሪጌታ» አልኩ ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መልሼ። «ያ ሜዳ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ዘንድሮ ዋንጫው ወደ ወንዝ ይወርዳል።»

«እሱ ከሆነማ ተአምር ነው» አሉ መሪጌታ። «ተአምር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይሳላል። እስቲ ከመካከላችሁ ለዋንጫው የሚሳል አለ?»

እንደ ቀልድ የጀመሩት ነገር እንደ እሳት ተያያዘ። ከጨዋታው ሦስት ቀን ቆይቶ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ በእኛ አገር ስለት የሚገባበት ትልቁ ቀን። ጌታነህ ጥላ ተሳለ። አንዱ ጧፍ አለ፣ ሌላው መጋረጃ። ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ሳይቀር ከወንበሩ ብድግ ብሎ ዕጣን ተሳለ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ አድማሱስ?» አለ ጌታነህ።

«ተዋቸው» አሉ መሪጌታ። «ምን ይሳሉ? ግሬደሩ እንደሆን የመንግሥት ነው።»

አሁንም ሳቅ። ይህኛው ሳቅ ግን ወጋኝ። ባዶ ሰው ነህ የተባልኩ መሰለኝ። ተነሳሁ።

«ወንዝ ዳር ዋንጫውን ካነሳ» አልኩ፣ ድምፄ እስከ መንገድ እየተሰማ፣ «ሙክት በጌን ለሚካኤል አስገባለሁ!»

ቤቱ በጩኸት ፈነዳ። ጌታነህ አቀፈኝ። አንዱ ትከሻዬን ይመታል፣ አንዱ «የወንዝ ዳር አባት!» ይላል። ያልጋነሽ ከተቀበረች ጀምሮ ሰው እንዲያ አድርጎ አቅፎኝ አያውቅም። እንባዬ ቀርቦ ስለነበር ሳልኩ፤ ሽማግሌ ሲስል ማንም አይጠረጥረውም።

በዚያ ሙቀት እንደተንሳፈፍኩ ቤቴ ደረስኩ። በሩን ስከፍት ጓዴ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንደ ልማዱ መጣና በግንባሩ ጉልበቴን ገፋ አደረገኝ። ያን ጊዜ ነው ምን እንደተናገርኩ የገባኝ። ያለችኝን አንዲት ነፍስ በጭብጨባ ሸጬ ነበር የመጣሁት።

ዓርብ በጠዋት አቀበቱን ወጥቼ መሪጌታ ፈንቴ ደጅ ደረስኩ። ተማሪዎቻቸው ከዛፍ ሥር ሰብሰብ ብለው ያነበንባሉ። መሪጌታ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ለአንድ ወዳጄ ነው።»

«ለአንቱ ነው» አሉ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። «ስለት ይቀየራል? ለምሳሌ በግ የተሳለ ሰው በጧፍ?»

«በጧፍ?»

«በብዙ ጧፍ።»

«ትላንት ሃያ ሰው ፊት እየጮሁ ተናገሩ እኮ። ሃያው ሰው ቢረሳ እንኳ የተሳሉለት አይረሳም። አንቱን ያስገደደዎትም አልነበረም።»

«እሱስ አልነበረም» አልኩ። ምላሴን እንደ ግሬደር ብረት ፈትቼ ብጥላት በወደድኩ። «በጉን ለልጆቼ ለገና ነበር ያስቀመጥኩት፣ እሱ ነው የከነከነኝ።» ዋሸሁ። ከዛፉ ሥር ግዕዝ እየተነበበ፣ ፊት ለፊቴ ጥምጥም እያየሁ ዋሸሁ።

መሪጌታ ሳቁ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? እሑድ የምናሸንፈው እኛ ነን። በጉ ለልጆችዎ ይቀራል።»

ይህን ሲሉ ልቤ እንዴት እንደዘለለ አትጠይቁኝ። «እውነትዎን ነው? ታሸንፋላችሁ?»

«ይጠራጠራሉ?»

«እንግዲያው አደራ!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። «አደራ አሸንፉ!»

መሪጌታ ትክ ብለው አዩኝ። እኔ ግን አንዴ ከተንሸራተትኩ ፍሬን የለኝም። ቀረብ ብዬ ምስጢሬን ሰጠኋቸው። «ለአሰልጣኛችሁ ይንገሩት። የሳንቲሙ ዕጣ ከወጣላችሁ መጀመሪያ ወደ ወንዙ ጎል ምቱ። ቁልቁለት ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ሦስት ካገባችሁ የእኛ ልጆች ወኔያቸው ይፈሳል። ሜዳውን የደለደልኩት እኔ ነኝ፤ እመኑኝ።»

ዐርባ ዓመት ለወንዝ ዳር ደጋፊዎች ስመካበት የኖርኩትን ምስጢር፣ ስንት ጊዜ ጸጥ ብለው የሰሙኝን ነገር፣ ለአፋፍ ሰፈር አስረክቤ ቁልቁል ወረድኩ። ቅዳሜ ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ። ጌታነህ በር ድረስ መጥቶ ጠራኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። ግድግዳዬ ላይ ካለው የሚካኤል ሥዕል ፊት ተንበርክኬም «ሐሙስ የተናገርኩትን እንዳልሰማህ ቁጠረው፤ ሽማግሌ ነኝ፣ አፌ ያመልጠኛል፤ ነገ ወንዝ ዳር ይሸነፍልኝ» ብዬ ሚካኤልን ለመንኩት። ጓዴ ከአጠገቤ ቆሞ የጋቢዬን ጫፍ ያኝክ ነበር።

እሑድ ከተማው ባዶ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ሜዳ ገባ። ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል። የወንዝ ዳር ደጋፊዎች ከፊት ቦታ ይዘውልኝ ነበር። አንገቴ ላይ አረንጓዴ ሻሽ አሰሩልኝ። «የስለቱ ባለቤት መጣ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እኔ እንደ ሙሽራ ተቀምጬ በሆዴ ለሌላኛው ወገን እጸልያለሁ።

ዳኛው ሳንቲሙን ወረወረ፤ ዕጣው ለአፋፍ ወጣ። የአፋፍ አምበል ወደ ወንዙ ጎል ጠቆመ። ከሜዳው ማዶ መሪጌታ ጭራቸውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩኝ አየሁ። አንገቴን ደፋሁ።

ምክሬ መሬት ጠብ አላለም። አፋፎች ቁልቁል እየገፉ አስጨነቁን፤ ከዕረፍት በፊት አንድ አገቡ። ዙሪያዬ ሁሉ ራሱን ያዘ። እኔም ራሴን ያዝኩ፤ በጣቶቼ መሃል ግን ፈገግ እል ነበር። ጌታነህ ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረና «አይዞዎት ጋሼ፣ ገና ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። የዚያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ቢሆንም በጌ ቤት ውስጥ ነው።

ዕረፍቱ አለቀና ቡድኖቹ ጎል ተቀያየሩ። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል አንገቴ ላይ ያለው ሻሽ ተርገበገበ። ቀና አልኩ። ነፋስ ነው። ኅዳር ላይ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከጉና በኩል የሚወርደው ነፋስ፣ በእኛ ከተማ በግ ጠባቂ ሁሉ የሚያውቀው ነፋስ፣ ከላይ ወደ ወንዙ እየገፋ መጣ። አሁን ደግሞ ወደ ወንዙ የሚመታው የእኔው ቡድን ነው። አፋፎችን ነፋስ የሌለበትን ግማሽ እንዲመርጡ አድርጌ ለወንዝ ዳር ቁልቁለቱንም ነፋሱንም በአንድ ላይ አስቀርቼላቸዋለሁ። ዕድሜ ልኬን አጎንብሼ መሬት ሳይ ለካ ሰማዩን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ከማዕዘን የተመታችውን ኳስ ነፋሱ አጥፎ ያለ ማንም ንክኪ ጎል ውስጥ ከተታት። አንድ ለአንድ። ሰዉ ላዬ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ አፋፎች ኳስ ባወጡ ቁጥር ነፋሱ ይመልስባቸዋል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ አቻ ከወጡ ምን ይሆናል? ቢራዘምስ? ፍጻሜ ላይ ስለት ግማሽ ይሆናል? ይህን እያሰብኩ ሳለ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእኛ በረኛ ኳሷን ጠለዛት። ሄደች። ሄደች። ነፋሱ ተሸክሟት አንዴ ነጠረችና በአፋፉ በረኛ ራስ ላይ አልፋ መረቡ ላይ ዐረፈች።

የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሜዳው ወደ ላይ የተነሳ መሰለኝ። ፊሽካው ሲነፋ በትከሻ ላይ ነበርኩ። ከሥሬ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ እኔ ላይ ሆኜ እንባዬ ይወርዳል። «ጋሼ በደስታ አለቀሱ!» ይላል አንዱ። «እዩአቸው! የአባት እንባ ነው!» ይላል ሌላው። የከተማው ሰው ሁሉ አይቶኝ ማንም አላየኝም። ከዚያ በፊት በድንኳንም በባዶ ቤትም ብቻዬን ሆኜ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ትከሻ ላይ ሆኜ የቀረሁትን ያህል ግን ብቻዬን ቀርቼ አላውቅም።

ሰኞ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። መሪጌታ ፈንቴ ናቸው፤ ከአፋፍ ድረስ በትራቸውን ተመርኩዘው ወርደዋል።

«አያ አድማሱ» አሉ ሳይቀመጡ፣ «በዕድሜዬ ብዙ ተንኮለኛ አይቻለሁ። ደጄ ድረስ መጥቶ፣ እጄን ይዞ፣ አደራ አሸንፉ ብሎ፣ ነፋሱን ደብቆብኝ የሄደ ግን አንቱን አየሁ። አሰልጣኙ ዓይንዎን አልይ ብሎኛል!»

እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ተንኮለኛ መባል ያኮራል። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ «እንግዲህ ጨዋታ ነው» ብል ወሬው እስከ ማታ ከተማውን ይዞር ነበር፤ ከሜዳው ሌላ የምመካበት ሁለተኛ ወሬ ይጨመርልኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጓዴ ከጥጉ ተነስቶ መጣና ጉልበቴን ገፋ አደረገኝ።

«ተንኮል አይደለም መሪጌታ» አልኩ። «የምሬን ነበር እንድታሸንፉ የፈለግሁት።»

«ለልጆችዎ በግ ብለው?»

«ልጆቼ አይመጡም። ለፋሲካም አልመጡም፣ ለገናም አልመጡም። በጉ የእኔ ነው። ማታ ማታ አወራዋለሁ። ከእሱ በቀር በዚህ ቤት የሚተነፍስ የለም። ይህ ነው ነገሩ። አሁን ይሳቁብኝ።»

አልሳቁም። እኒያ ለሁሉ ነገር ሦስት ዓይነት ትርጉም የማያጡ ሰው፣ አንድም ሳይሉ በትራቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የበጉን ግንባር ዳበሱት።

«እኔ ኳስ መውደድ የጀመርኩት ከመቼ ወዲህ ይመስልዎታል?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ተማሪዎቼ ቀኑን ሙሉ ድምፃቸው ይሰማል፤ ሲያነበንቡ ይውላሉ። እንዴት ዋሉ የሚለኝ ግን ያ ፀጉር ቤት ነው። በኳስ ካልተከራከርኳቸው ደግሞ ምን ብዬ ልሂድ?»

ጓዴ የመሪጌታን ነጠላ ጫፍ ማኘክ ጀመረ።

«ስለቱን ግን ላስቀርልዎ አልችልም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ረቡዕ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ረቡዕ ኅዳር ሚካኤል ነበር። የወንዝ ዳር ደጋፊዎች ከበሮ ይዘው በሬ ላይ ተሰበሰቡ። ጌታነህ ገመድ አምጥቶ ነበር፤ ጓዴ ግን ገመድ አላስፈለገውም። እኔ ስራመድ ተራመደ፣ ስቆም ቆመ። «እዩት! ስለት መሆኑን አውቆ ነው!» አለ ጌታነህ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ለምን እንደሚከተለኝ አውቃለሁ። አብረን ሄደን አብረን የምንመለስ መስሎት ነው። መሪጌታ በዚያኛው ጎኔ ሆነው ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር፤ የአፋፍ ሰው ሆነው በወንዝ ዳር ከበሮ መሃል።

ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ የደብሩ ገበዝ ተቀበሉኝ፤ መርቀውም ከሌሎቹ የስለት በጎች ጋር አሰሩት። አልጮኸም። አየኝና ማመስኳቱን ቀጠለ። የስለት ከብት እዚያው ይሸጥና ገንዘቡ ለደብሩ ይገባል፤ እሱንም አንድ የአንበሳሜ ነጋዴ ገዝቶ በጭነት መኪና ላይ ሲጭነው ቆሜ አየሁ። መኪናው የያዘው መንገድ እኔ የሠራሁት ነው። የትኛው ዳገት ላይ ጠጠሩ እንደሚያንገጫግጭ፣ የትኛው ውኃ መውረጃ ጋ እንደሚናጥ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። መኪናው ከዓይኔ ከጠፋ በኋላም በልቤ ስንት ኩርባ እንዳለፈ እቆጥር ነበር።

ደጋፊዎቹ ወደ ጠላቸው ሄዱ። መሪጌታ ግን ቤቴ ድረስ መጡና ከበሩ ጥግ ከተጣጠፈ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። የበጉ መኝታ መሆኑን አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። በኋላ መሪጌታ ጭራቸውን አንስተው፣

«ያቺ የማዕዘን ምት ግን ከመስመር ወጥታ ነበር» አሉ።

«አልወጣችም።»

«ወጥታለች። አንድም ነፋሱ አውጥቷታል፤ አንድም...»

«አልወጣችም መሪጌታ! ከፊት ተቀምጬ አይቻለሁ!»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከርን። ከዚያ ተነስተው ሄዱ። በሩን ስዘጋው ቤቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አየሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አሳምሬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ በግ አልገዛሁም፣ ልጆቼም ያው በስልክ ናቸው። መሪጌታ በሳምንት አንድ ቀን ይወርዳሉ፣ እኔ አንድ ቀን እወጣለሁ፤ ጉልበታችን አሁን ከዚያ በላይ አይፈቅድም። የቀሩት አምስት ቀኖች እንደ ድሮው ረጃጅም ናቸው። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ብቸኛ መሆኔን ለአንድ ሰው እንኳ በአፌ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስቀልድ፣ ስመካ፣ ስሳል ሸፍኜው ኖርኩ። ለመናገር በሬን ያንኳኳ ሰውና የሚሄድብኝ በግ አስፈለገኝ። አሁን ደጋፊ በተሰበሰበበት ሁሉ ከሰው በላይ የሚጮህ ሽማግሌ ሳይ አጠገቡ ሄጄ እቀመጣለሁ። ስለ ኳስ አልጠይቀውም፤ ከማን ጋር እንደሚኖር እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ይስላል፤ ያን ሳል አውቀዋለሁ።

ለወንዝ ዳር ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩም። ዛሬም የስለቱ ባለቤት ይሉኛል፤ ዋንጫው የመጣው በእኔ በግ እንደሆነ ለሕፃናት ይተርካሉ። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከእነሱ አንዱ ያነበው ይሆናል። አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ለአፋፍ ምስጢር ያወጣሁት፣ ጎል ሲገባብን በጣቶቼ መሃል ፈገግ ያልኩት እኔ ነኝ። መሳደብ መብታችሁ ነው። ብቻ በፀጉር ቤት፣ በሰው መሃል አትስደቡኝ። ቤቴ መጥታችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ስደቡኝ። ጠዋትም አለሁ፣ ከሰዓት በኋላም አለሁ።